ከምላስ ሥር ያለች ድማሚት

ነቀምቴን የረገጠ ሰው ዳገትና ቁልቁለቷን አይረሳም። ቡርቃ ጃቶ ከሚገኘው ከአጎቴ ቤት ወደ አስፋልቱ የምታወጣው መንገድም ዳገት ናት፤ ርዝመቷ ከሁለት መቶ እርምጃ አይበልጥም። አጎቴ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ያቺን ዳገት ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠዋትና ማታ ሲመላለስባት ኖሯል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን መሐሏ ላይ ይቆማል። እጁን ከሰው አጥር ላይ አሳርፎ ከተማውን ቁልቁል የሚቃኝ ይመስላል። "ምነው ጋሼ?" ላለው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፤ "ጨጓራዬ ነው።"

አንድ ጥር ላይ ልጠይቀው ሄጄ፣ ከለቅሶ ቤት አብረን ስንመለስ ያችው ቦታ ላይ ቆመ። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ግንባሩን ላብ ወረረው። ከሸሚዝ ኪሱ የታጠፈች ወረቀት አወጣና ከውስጧ አንዲት ትንሽ ነጭ እንክብል አንስቶ ከምላሱ ሥር አደረገ። ጠበቅን። ለውጥ የለም። አንድ ሌላ ደገመ። አሁንም ለውጥ የለም። ያን ጊዜ አማርኛ ያስተማረኝ ሰው በእናቱ ቋንቋ "ኦኔ ኮ" አለኝ። "ልቤን" ማለቱ ነው። ሕመሙን በስሙ ሲጠራ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነበር።

በባጃጅ ሐኪም ቤት አደረስነው፤ እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈ። የተቀበለው ወጣት ሐኪም ግን ያቺን ወረቀት ገልጦ እንክብሎቹን ትንሽ ካየ በኋላ አንድ ጥያቄ ጠየቀ።

"ጠርሙሱስ የታለ?"

ጠርሙሱማ ነበር። አጎቴ ከዚያ በፊት ልጁን ሊጠይቅ ስቶክሆልም ሄዶ ሳለ ደረቱን አሞት ሐኪም አይቶት ነበር። ሐኪሙ አንዲት ቡናማ የብርጭቆ ጠርሙስ ሰጠውና ለተጨማሪ ምርመራ ቀጠረው። አንድ ቀን ደረጃ ሲወጣ ሕመሙ ሲነሳበት አንዲቷን ከምላሱ ሥር ቢያደርግ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ውልቅ አለለት። ከዚያ ወዲያ ምን ምርመራ ያስፈልጋል? ቀጠሮውን ትቶ አገሩ ገባ። ጠርሙሷ ደግሞ በሄደ ቁጥር ከኪሱ ውስጥ እየተንኳኳች የምታሳጣው መሰለው። ሰው ሕመሙን እንዳያውቅበት እንክብሎቹን በወረቀት ጠቀለላቸው።

እኔም አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ የሐኪሙ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ጠርሙስ ይህን ያህል ምን ያደርጋል? ይህን ስፈልግ ከመድኃኒቷ ታሪክ ጋር ተገናኘሁ። ታሪኳ በጦርነት፣ በሀብትና በጸጸት በኩል ያልፋል። እዚህ ላይ የማነሳቸው ዓመታት፣ ካልተለየ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንቆ የሚይዘው ሕመም

በ1768፣ በእኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ሊጀምር አንድ ዓመት ሲቀረው፣ ዊሊያም ሄበርደን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ለንደን ውስጥ በሙያ ባልደረቦቹ ፊት ስለ አንድ እንግዳ ሕመም ንግግር አደረገ። ሕመሙ ሰውን የሚይዘው ሲራመድ ነው፤ በተለይም ዳገት ሲወጣ፣ ይበልጡንም ምግብ በልቶ ሲሆን። ደረትን ጭምቅ አድርጎ ይይዛል፤ ቀጥሎ አንድ እርምጃ ቢጨመር ነፍስ የምትወጣ ይመስላል። ሰውየው ቆም ካለ ግን ሁሉም ነገር እልም ይላል። ሄበርደን ሕመሙን "አንጃይና ፔክቶሪስ" አለው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን የደረት መታነቅ እንደማለት ነው።

ይህን ሳነብ አጎቴ አጥር ተደግፎ ቆሞ ታየኝ። ሄበርደን ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የጻፈው የቡርቃ ጃቶን ዳገት ነው ማለት ይቻላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልብ ለመላው አካል ደም ትረጫለች፤ ለራሷ ሥራ የሚያስፈልጋትን ደም የምታገኘው ግን ዙሪያዋን ከከበቧት ቀጫጭን የደም ሥሮች ነው። እነዚህ ሥሮች ከዕድሜ፣ ከደም ግፊት፣ ከስኳር በሽታ፣ ከሲጋራና ከመሳሰለው ጋር ተያይዞ ከውስጥ በኩል ቅባት እየጋገሩ ይጠባሉ። ቡርቃ በኦሮምኛ ምንጭ ማለት ነውና ምሳሌዬን ከዚያው ልውሰድ። የአንድ ምንጭ ቧንቧ በደለል ቢጠብም ለአዘቦት ቀን የሚበቃ ውኃ አያጣም። ሠርግ ሲደገስና መንደሩ ሁሉ እንስራ ይዞ ሲመጣ ግን ጠብታ ይሆናል። ለልብ ድግሷ ዳገት ነው፤ ንዴት ነው፤ ብርድ ነው። በዚያን ጊዜ ደም ያነሰው የልብ ጡንቻ ይጮኻል። አንጃይና ያ ጩኸት ነው።

እኛ ዘንድ ይህ ጩኸት ብዙ የውሸት ስም አለው። ጨጓራ እንለዋለን፤ ብርድ መታኝ እንላለን፤ ውጋት ነው እንላለን። ፌጦ በሎሚ እንጠጣለን፤ ነጭ ሽንኩርት እንበላለን፤ ጤና አዳም ቡናችን ላይ እንጨምራለን። ቆም ሲሉ ሕመሙ በራሱ ስለሚለቅ ምስጋናው ለፌጦው ይሆናል። አጎቴንም ለዓመታት ያታለለው ይኸው ነው።

የ1867 ሁለት ወሬዎች

ለአንድ መቶ ዓመት ያህል ሐኪሞች ሕመሙን ስም ከመጥራት በቀር ብዙም አልረዱትም። ብራንዲ ያጠጣሉ፤ ደም ያፈሳሉ።

በ1867 ቶማስ ላውደር ብራንተን የተባለ ገና ሃያዎቹን ያላጋመሰ ሐኪም በኤድንብራ አንድ በሽተኛ ነበረው። ሰውየውን ሕመሙ ሌሊት ሌሊት እየቀሰቀሰ ያሰቃየዋል። ብራንተን ደም ሲያፈስለት ቀለል እንደሚለው አስተዋለና፣ ምናልባት የሚጠቅመው የደም ግፊቱ ዝቅ ማለቱ ይሆናል ብሎ አሰበ። አሚል ናይትራይት የተባለ ሽታው የከረረ ፈሳሽ የደም ግፊትን እንደሚያወርድ ከሌሎች ሰዎች ሙከራ ያውቃል። ጥቂት ጠብታ በጨርቅ ላይ አድርጎ በሽተኛውን አስማገው። የሰውየው ፊት ቀላ፤ ሕመሙም አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጠፋ። የደም ሥርን በማስፋት አንጃይናን ማስታገስ የተጀመረው በዚህ ነው።

በዚያው በ1867 አልፍሬድ ኖቤል የተባለ ስዊድናዊ ለድማሚት የባለቤትነት መብት አገኘ። በእኛ አገር ዓፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፋቸውን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ጉዞ የጀመሩት በዚሁ ዓመት ነበር። የብራንተን መድኃኒትና የኖቤል ፈንጂ በአንድ ዓመት ሲወጡ ዘመድ መሆናቸውን የጠረጠረ ሰው አልነበረም።

የድማሚት ነፍስ ናይትሮግሊስሪን ነው። ይህን ዘይት መሰል ፈሳሽ መጀመሪያ የሠራው ጣሊያናዊው አስካንዮ ሶብሬሮ ሲሆን፣ ጊዜው 1847፣ ቦታው ቶሪኖ ነው። የዚያን ዘመን ኬሚስቶች የሠሩትን ሁሉ የመቅመስ ልማድ ነበራቸውና ሶብሬሮም ከፈሳሹ እጅግ ጥቂቱን ምላሱ ላይ ነካ አደረገ። ራሱን የሚፈልጥ ምታት ያዘው። ፈሳሹ ሲፈነዳ የሚያደርሰውን ጉዳት ካየ በኋላ ደግሞ የዚህ ነገር ፈጣሪ በመባሉ ሲያፍር ኖረ። ኖቤል ግን ሊገራው ቆርጦ ተነሳ። በ1864 ስቶክሆልም በሚገኘው ሥራ ቤት በደረሰ ፍንዳታ ታናሽ ወንድሙ ኤሚል ከሌሎች ሰዎች ጋር ሞተ። ኖቤል ሥራውን አላቆመም። ፈሳሹን ልዩ ዓይነት አፈር ቢያስመጥጠው ለመያዝና ለማጓጓዝ የሚመች ሆነ። ያ ነው ድማሚት።

ልጅ ሳለሁ መንገድ ሲሠራ ከካባው በኩል የሚሰማው ፍንዳታ የቤታችንን ቆርቆሮ ያንቀጠቅጠው ነበር። እናቶቻችን "ድማሚት ነው፤ አትፍሩ" ይሉናል። ያ ስም አንድ ቀን ከአጎቴ ኪስ ውስጥ ይገኛል ብዬ እንዴት ልገምት?

ከስቶክሆልም እስከ ነቀምቴ

የሶብሬሮን የራስ ምታት ትርጉም የሰጠው ዊሊያም ሙሬል የተባለ የለንደን ሐኪም ነው። በ1878 በአልኮል የቀጠነ ናይትሮግሊስሪን ያለበትን የጠርሙስ ቡሽ ላሰ። ወዲያው ልቡ ደለቀ፤ ጭንቅላቱ ከምቱ ጋር ይርገበገብ ጀመር። አልተወውም፤ በራሱ ላይ ደጋግሞ ሞከረው። የልብ ምቱን በመሣሪያ ሲያስመዘግብ ውጤቱ ከብራንተን አሚል ናይትራይት ጋር ይመሳሰላል፤ ቆይታው ግን ረዘም ይላል። ለአንጃይና በሽተኞች ሰጣቸውና ተሻላቸው። ግኝቱን በ1879 አሳተመ።

በዚያው ሰሞን ከኢሉባቦር የተገኘና ከባርነት ነፃ የወጣ አንድ ወጣት ስቶክሆልም በሚገኘው የዮሐንስሉንድ ትምህርት ቤት ይማር ነበር። ኦኔሲሞስ ነሲብ ነው። ከ1876 እስከ 1881 እዚያ ሲቆይ፣ ከከተማው ዳር ቪንተርቪከን በተባለው ሥፍራ የኖቤል ኩባንያ ናይትሮግሊስሪን ያመርት ነበር። ኦኔሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተርጉሞ በ1899 ካሳተመ በኋላ በ1904 ነቀምቴ ገባ፤ ትምህርት ቤትም ከፈተ። በ1930ዎቹ መጀመሪያ የነቀምቴን ሆስፒታል ያቋቋሙትም የስዊድን ሚሲዮናውያን ናቸው። ነቀምቴና ስዊድን እንግዲህ የቆየ ትውውቅ አላቸው። የአጎቴ ልጅ በዚያ መንገድ የሄደች የመጀመሪያዋ ወለጋዊት አይደለችም።

ወደ ኖቤል እንመለስ። በ1896 ኖቤል የስድሳ ሦስት ዓመት ባለጸጋ ነበር። ልቡ ግን ታማለች፤ አንጃይና ነው። ሐኪሞቹ ምን አዘዙለት? ናይትሮግሊስሪን! በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ከፓሪስ ለረዳቱ ለራግናር ሶልማን በጻፈው ደብዳቤ፣ ናይትሮግሊስሪንን በአፉ እንዲወስድ መታዘዙ የዕጣ ፈንታ ቀልድ ሆኖ እንደታየው ገልጿል። መድኃኒት ቀማሚዎችና ሕዝቡ እንዳይደነግጡ ትሪኒትሪን የሚል ስም እንደተሰጠውም ጨምሮ ጽፏል። እዚህ አዲስ አበባ ላይ በዚያው ጥቅምት፣ በእኛ 1889 ዓ.ም.፣ ከአድዋ ድል በኋላ የተደረገው የሰላም ውል ይፈረም ነበር። ኖቤል ሁለት ወር እንኳ አልቆየም። በታኅሣሥ ወር ሳን ሬሞ በተባለችው የጣሊያን ከተማ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ሞተ። ሀብቱን ለሽልማት እንዲውል ተናዝዞ ነበር።

የሰኞ በሽታ

ሐኪሞቹ ከመጻሕፍት ያልተማሩትን አንድ ነገር ያወቁት ወዛደሮች ናቸው። በድማሚት ፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎች ናይትሮግሊስሪን በቆዳቸውና በእስትንፋሳቸው ይገባል። ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲጀምሩ ራሳቸው ይፈለጣል፤ እስከ ሳምንቱ አጋማሽ ምታቱ ይጠፋል። እሑድ አርፈው ሰኞ ሲመለሱ እንደገና ይጀምራቸዋል። አንዳንዶቹ ሰውነታቸው እንዳይረሳው ብለው በእረፍት ቀን ከዚያው ነገር ጥቂት በባርኔጣቸው ጥምጥም ላይ ይቀቡ ነበር ይባላል።

ከዚህ የከፋም ነበር። ከፋብሪካው በራቁበት የእረፍት ቀን ደረታቸውን የሚይዛቸው፣ በድንገትም የሚሞቱ ሠራተኞች ነበሩ። ሥሮቻቸው ሳምንቱን ሙሉ በግድ ተከፍተው ሰንብተው የሚከፍታቸው ሲጠፋ ይኮማተራሉ።

በዚህ ምክንያት ዛሬ ሐኪሞች የዚህ ቤተሰብ የሆኑትንና ለረጅም ሰዓት የሚሠሩትን እንክብሎች፣ ለምሳሌ አይሶሶርባይድ ዳይናይትሬትን፣ ሲያዙ በቀን ውስጥ ሰውነት ከመድኃኒቱ የሚያርፍበት ሰዓት ይተዋሉ። ያለማቋረጥ ከተወሰደ ሰውነት ይለምደውና መሥራቱን ይተዋል። በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ የምናነባት ያቺ የሰዓት ትእዛዝ የወዛደሮቹ ሰኞ ማስታወሻ ናት።

መቶ ዓመት የዘገየ መልስ

መድኃኒቱ እንደሚሠራ ታወቀ። እንዴት እንደሚሠራ ግን ሙሬል ካሳተመ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ማንም አላወቀም። በ1977 ፈሪድ ሙራድ የተባለ አሜሪካዊ ናይትሮግሊስሪን በሰውነት ውስጥ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ እንደሚለቅና የሥሮችን ጡንቻ የሚያላላውም ይህ ጋዝ መሆኑን አሳየ። በ1980 ሮበርት ፈርችጎት የደም ሥር የውስጥ ሽፋን ራሱ ሥሩን የሚያላላ ነገር እንደሚያመነጭ ደረሰበት። በ1986 እሱና ሉዊ ኢግናሮ ያ ነገር ያው ናይትሪክ ኦክሳይድ መሆኑን አመለከቱ። በመኪና ጭስ ውስጥ የምናውቀው ጋዝ በእያንዳንዳችን ሥር ውስጥ መልእክተኛ ሆኖ ተገኘ። በ1998 ሦስቱ ሰዎች ለዚህ ሥራቸው ሽልማት ተቀበሉ። ሽልማቱ የኖቤል ሽልማት ነበር።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ቁም ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። እንክብሏ የጠበበውን የልብ ሥር ገብታ የምትጠርግ ይመስለናል። አትጠርግም። በልብ ዙሪያ ያሉትን ሥሮች በመጠኑ ታሰፋለች፤ ዋናው ሥራዋ ግን ሌላ ቦታ ነው። ደምን ወደ ልብ የሚመልሱትን ሥሮች፣ ደም መልስ የምንላቸውን፣ ታላላለች። ደሙ እነሱ ውስጥ ጥቂት ይቆያል፤ ወደ ልብ የሚመለሰው ይቀንሳል፤ የልብ ሸክም ይቀላል። በምሳሌያችን ብንሄድ የቧንቧው ደለል እንዳለ ነው። እንክብሏ የምታደርገው እንስራ ይዘው ከተሰለፉት እንግዶች ግማሾቹን ወደ ቤታቸው መመለስ ነው። ድግሱ ሌላ ቀን ይመጣል፤ ደለሉም በዚያን ጊዜ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

አጎቴ ስቶክሆልም ላይ የተሳሳተው እዚህ ነው። ሕመሙ ሲጠፋ በሽታው የጠፋ መሰለው።

ሌላም ማስጠንቀቂያ ከዚሁ ታሪክ ይወጣል። በ1990ዎቹ ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ለአንጃይና የሚሆን አዲስ መድኃኒት ሲሞክር ለልብ ያን ያህል ሳይሆንለት ቀረ፤ በወንዶች ላይ ግን ያልታሰበ ውጤት አሳየ። ያ መድኃኒት በ1998 ቪያግራ ተብሎ ለገበያ ወጣ። እሱም የሚሠራው በዚያው በናይትሪክ ኦክሳይድ መንገድ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ከተወሰዱ የደም ግፊት እስከ ሞት ሊያደርስ በሚችል ሁኔታ ያሽቆለቁላል። ቪያግራን በምስጢር የሚገዛ፣ አንጃይናውንም በምስጢር የሚይዝ ሰው ሁለቱ ምስጢሮች ተገናኝተው ሊገድሉት ይችላሉ።

ጠርሙሱስ?

የወጣቱ ሐኪም ጥያቄ መልስ አሁን ግልጽ ነው። በእንክብሏ ውስጥ ያለው ናይትሮግሊስሪን ከአንድ ሚሊ ግራም ግማሽ የማይሻገር ኢምንት ነው፤ ከሌላ ነገር ጋር ተቀላቅሏልና አይፈነዳም። ነገር ግን ተፈጥሮው ተናኝ ነው። ሙቀት፣ ብርሃንና አየር ያሸሹታል፤ ወረቀትና ፕላስቲክም ይመጡታል። ቡናማዋ የብርጭቆ ጠርሙስ፣ ክዳኗ ጥብቅ ብሎ፣ የተሠራችው እሱን ለማሰር ነው። አጎቴ ከምላሱ ሥር ያደረገው የመድኃኒቱን ቀፎ ነበር፤ መድኃኒቱ ከሸሚዝ ኪሱ ተንኖ ሄዷል።

ከምላስ ሥር የመደረጓም ምክንያት አለው። ከተዋጠች ጉበት አብዛኛውን ኃይሏን ትሰብረዋለች፤ ከምላስ ሥር ግን በቀጥታ ደም ውስጥ ትገባለች። ግፊትን ስለምታወርድ ቁጭ ብሎ መውሰድ ይገባል፤ የቆመ ሰው ሊወድቅ ይችላል። ሐኪሙ ለአጎቴ ያስረገጠለትም ይህንኑ ነው፤ ቁጭ ማለት፣ አንዲቷን ማድረግ፣ በአምስት ደቂቃ ካልተሻለ ሳይዘገዩ ሐኪም ቤት መሄድ።

ከዚያ በኋላ አጎቴን አዲስ አበባ አምጥተን አስመረመርነው። ዛሬ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ከአንድ በላይ ናቸው። አምሎዲፒን ሥሮቹን በሌላ መንገድ ታላላለታለች፤ ጄምስ ብላክ በ1960ዎቹ ከፈለሰፋቸው መድኃኒቶች ወገን የሆነች ሌላዋ የልቡን ሩጫ ትገታለታለች። ሲጋራውን ትቷል። ጨው ቀንሷል፤ ስለዚህ ጉዳይ ከአክስቴ ጋር ያለው ክርክር ግን አላበቃም።

ባለፈው መስቀል ነቀምቴ ወርጄ ያችኑ ዳገት አብረን ወጣናት። መሐሏ ላይ ቆመ። ልቤ ድንግጥ አለ። እሱ ግን አሞት አልነበረም፤ ሊያርፍ ነው። አንድ ጎረቤት በዚያው ሲያልፍ እንደ ልማዱ "ምነው ጋሼ፣ ጨጓራህ ተነሳ?" አለው።

"የለም፣ ልቤን ነው የሚያመኝ" አለ አጎቴ።

ቀጥለን ስንወጣ ከኮቱ ኪስ ውስጥ ጠርሙሷ በእያንዳንዱ እርምጃ ትንኳኳ ነበር።